በአንድ እጅ ማንኪያ፣ በአንድ እጅ ልጅ፦ እያጠባሁ የበላኋቸው ጣፋጮች

ስለ አይስክሬም የሚጽፉ ሰዎች ስለ ጣዕሙና ስለ ልስላሴው ይነግሩናል። ጥሩ ነው። ግን አንዳቸውም አይስክሬሙን በግራ እጃቸው፣ መብራት ጠፍቶ፣ ልጅ ደረታቸው ላይ ተለጥፎ የበሉት አይመስለኝም። እኔ የምመዝነው እንደዚያ ነው። ክዳኑ በአንድ እጅ ይከፈታል? ፍርፋሪው የት ያርፋል? ቢንጠባጠብ የልጁ አንገት ስር ይገባል ወይስ እጄ ላይ ይቀራል? ለእነዚህ ጥያቄዎች ማሸጊያው ላይ መልስ የጻፈ ኩባንያ እስካሁን አላገኘሁም።

ሁለት ልጆች ወልጃለሁ። ሁለተኛውን ገና ጡት አላስጣልኩትም። በመጀመሪያዋ ጊዜ ያሻኝን ስበላ ነው የከረምኩት። ወተቱም፣ እርጎውም፣ ክሬሙም፣ ቸኮሌቱም ገባ። ልጅቷ ምንም አልሆነችም። ሁለተኛው ላይ ነገሩ ተቀየረ። ወተት የነካውን ሁሉ እንድተው ታዘዝኩ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ሁለቱንም ጎራ አይቼ ነው፤ እንደ ልቧ የምትበላዋንም፣ ማሸጊያ ላይ ያለ ደቃቅ ጽሑፍ ስታነብ ዓይኗ የሚጠፋውንም።

ለእያንዳንዱ ጣፋጭ ሁለት ጥያቄ አለኝ። ለእኔ ምን ሰጠኝ? ልጁ ጋ ምን ደረሰ? ሻጮች ሁለቱን ማምታታት ይወዳሉ። ይህን ከበላሽ ወተትሽ ይበዛል፣ ያንን ከጠጣሽ ወተትሽ ይወፍራል ይሉሻል። የጡት ወተት ግን እንዲህ በቀላሉ አይታዘዝም። 100 ሚሊ ሊትር የጡት ወተት ውስጥ 7 ግራም ገደማ ላክቶስ አለ። ላክቶስ የወተት ስኳር ነው። ኬክ በላሽም፣ ዳቦ ብቻ በላሽም ያው 7 ግራም ገደማ ነው፤ ሰውነትሽ ራሱ ጡትሽ ውስጥ ይሠራዋል። የላም ወተት እንኳን ከ5 ግራም አይዘልም።

ረሃቡ ግን ቀልድ አይደለም። ልጇን ጡት ብቻ የምታጠባ ሴት፣ እንደየመመሪያው፣ በቀን ከ330 እስከ 500 ኪሎ ካሎሪ ተጨማሪ ያስፈልጋታል። እኔ ይህን ቁጥር ከማንበቤ በፊት ሆዴ ነግሮኛል። ልጅ አፉን ከጡት ጋር ባገናኘ በደቂቃ ውስጥ ጥማትና ረሃብ አንድ ላይ ይመጡብኛል። ታዲያ ከተጨማሪው ላይ ጥቂቱ አይስክሬም ቢሆን ማን ይቀየማል?

አንደኛ ያልኩት ሙሉ ቅባት ያለው የቫኒላ አይስክሬም ነው፤ ትንሿ ኩባያ። ትልቁን መያዣ በአንድ እጅ መብላት ትግል ነው። ከፍሪዘር እንደወጣ ማንኪያ አያስገባም። መያዣውን በጉልበቴ መሃል ይዤ ለመቆፈር ሞክሬ፣ ልጁ ከእንቅልፉ ተነቃንቆ አጉረምርሞብኛል። ትንሿ ኩባያ ግን መዳፍ ላይ ትቀመጣለች፤ የእጅ ሙቀት ዳር ዳሩን ያለሰልሳታል፤ ልጁ አንዱን ጡት ጨርሶ ወደ ሌላው እስኪዛወር ደርሳ ትጠብቃለች።

አይስክሬም ስትገዢ ግራሙን እይ፣ ሊትሩን አይደለም። ሲመረት እየተመታ አየር ይገባበታል፤ ርካሽ በሆነው ላይ አየሩ የመያዣውን ግማሽ ያህል ሊይዝ ይችላል። እኩል የሚመስሉ ሁለት መያዣዎችን በሁለት እጅሽ አንሺ። ልዩነቱን ክንድሽ ይነግርሻል። ከባዱ በጥቂት ማንኪያ አንጀት ያርሳል። ቀላሉን ግን ጨርሰሽው እንኳን የበላሽ አይመስልሽም፤ ስኳሩ ብቻ ምላስሽ ላይ ይቀራል።

100 ግራም የቫኒላ አይስክሬም 200 ኪሎ ካሎሪና 20 ግራም ገደማ ስኳር አለው። ካልሲየሙ 130 ሚሊ ግራም አካባቢ ነው። አንዲት አዋቂ ሴት በቀን 1000 ሚሊ ግራም ካልሲየም እንድታገኝ ብዙ መመሪያዎች ይመክራሉ፤ እንግዲህ አይስክሬም ለአጥንት ነው እያልሽ ራስሽን አታታልይ። አንድ ብርጭቆ ወተት ብቻውን 300 ሚሊ ግራም ያህል ይሰጣል። የምታጠባ ሴት ከአጥንቷ ጥግግት ከ3 እስከ 5 በመቶ ያህል ለጊዜው ታጣለች። ልጁ ጡት ሲተው ይመለሳል። ይህን ሳነብ መጀመሪያ ደነገጥኩ፤ መመለሱን ሳነብ ደግሞ ተረጋጋሁ። አይስክሬሙን የምበላው ደስ ስለሚለኝ ነው። በቂ ምክንያት ነው።

ልጁ ጋስ ምን ይደርሳል? ቫኒላው ይደርሳል። ጁሊ ሜኔላና ጋሪ ቦሻምፕ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጡት ጥናት እናቶች ቫኒላ ሲወስዱ ሽታው ወደ ወተታቸው እንደሚገባ አሳይተዋል። ሕፃናቱም ጡት ላይ የቆዩት ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ ነበር። ይህን ለባሌ አነበብኩለት። «አየህ፣ የምበላው ለእሱ ብዬ ነው» አልኩት። አላመነኝም፤ ግን ሄዶ ሌላ ኩባያ አመጣልኝ።

ቅዝቃዜው ግን አይደርስም። እናቴ አይስክሬም በያዝኩ ቁጥር «አንቺ ልጅ፣ ሕፃኑን ብርድ ልታስመቺው ነው!» ትለኛለች። እማ፣ ወተቱ የሚወጣው በሰውነቴ ሙቀት ነው፤ የበላሁት ሆዴ ውስጥ ይሞቃል። ነግሬያታለሁ። አሁንም ትለኛለች። እኔም አሁንም እበላለሁ።

በእንጨት የተሰካው፣ ቸኮሌት የለበሰው አይስክሬም ጣዕሙ ግሩም ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን አይሆንም። የመጀመሪያው ንክሻ ላይ ቸኮሌቱ ተሰንጥቆ ይረግፋል። ከልጁ ጆሮ ጀርባ የደረቀ ቸኮሌት ያገኘ ሰው ምን እንደምል ይገባዋል። ቀንድ የሚመስለው ብስኩት ውስጥ ያለውም ያው ነው፤ ከታች በኩል ሲያፈስ የሚያርፈው የት እንደሆነ ገምቺ። እነዚህን ልጁ ሲተኛ፣ አልጋው ላይ ካስቀመጥሽው በኋላ ብያቸው። ልጁ የሚተኛልሽ ከሆነ ማለቴ ነው።

እርጎ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው። የፍራፍሬ ሥዕል ያለበት ጣፋጭ እርጎ በ100 ግራም ከ11 እስከ 15 ግራም ስኳር ይኖረዋል። ከዚህ ውስጥ 4 ወይም 5 ግራሙ የራሱ የወተቱ ስኳር ነው። ከዚያ በላይ ያለው አብዛኛው የተጨመረ ነው። ቁጥሩን ስታነቢ መጀመሪያ ያንን ቀንሺ። የዓለም ጤና ድርጅት ከተጨመረና ከመሰል ስኳር የሚገኘው ጉልበት ከቀኑ አመጋገብ ከ10 በመቶ በታች ይሁን ይላል፤ በቀን 2000 ኪሎ ካሎሪ ለሚበላ ሰው 50 ግራም ገደማ ማለት ነው። የወተቱ የራሱ ላክቶስ እዚህ ውስጥ አይቆጠርም። አንድ ትልቅ የእንጆሪ እርጎ የዚያን ግማሽ ሊወስድ ይችላል፤ እንጆሪው ደግሞ ሁለት ፍሬ አይሞላም።

የኔ ምርጫ ውሃው የተጠለለለት ወፍራም እርጎ ነው፤ ጣዕም ያልተጨመረበት፣ ቅባቱ ያልተቀነሰበት። በ100 ግራም 9 ግራም አካባቢ ፕሮቲን አለው። ከማንኪያ አይንጠባጠብም፤ ማንኪያውን ብትገለብጪው እንኳን ይዞ ይቆያል። ለአንድ እጅ በላተኛ ከዚህ የተሻለ ምን አለ? ጣፋጩን እኔ እጨምርበታለሁ። ማር፣ አልፎ አልፎም የተከተፈ ሙዝ። ማር ስል አንዳንዷ ትደነግጣለች። አንድ ዓመት ላልሞላው ልጅ ማር በቀጥታ አይሰጥም፤ ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ መመረዝ ሊያመጣበት ይችላል። እናት ብትበላው ግን በጡት ወተት አያልፍም። ማሩን የነካው ማንኪያ ብቻ የልጁን አፍ እንዳይነካ።

ስኳር ያለው የተጨመቀ ወተት ላይ ደግሞ ምን ልበል። በቱቦ የሚሸጠውን ነው የምላችሁ፤ እንደ ጥርስ ሳሙና የሚጨመቀውን። በዲዛይን ደረጃ ከሁሉም አንደኛ እሱ ነው። ማንኪያ የለ፣ ፍርፋሪ የለ፣ ድምፅ የለ። በአውራ ጣት ክዳኑ ይከፈታል። ችግሩም ይኸው ነው። ከግማሹ በላይ ስኳር ነው፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግሞ ማንም ግራም አይቆጥርም። ጣዕሙን አልክድም፤ ነፍስ ይመልሳል። አሁን ቱቦው ወጥ ቤት ውስጥ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ነው ያለው። ልጅ ታቅፌ አልደርስበትም።

ቸኮሌት ላይ የሚነሳው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ካፌይን። ካካዎው ከ70 በመቶ በላይ የሆነ ጥቁር ቸኮሌት በ100 ግራም 80 ሚሊ ግራም ገደማ ካፌይን አለው። የወተት ቸኮሌት 20 አካባቢ ነው። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን ለምታጠባ ሴት በቀን እስከ 200 ሚሊ ግራም አያሰጋም ይላል። እንግዲህ ሁለት ሦስት ቁራጭ ቸኮሌት ብቻውን የትም አያደርስሽም። ግን ቡናውም፣ ሻዩም፣ ኮላውም አብሮ ይቆጠራል። ደግሞ የልጁን ዕድሜ አስቢ። ትልቅ ሰው ከጠጣው ካፌይን ግማሹን በ5 ሰዓት ገደማ ከደሙ ያስወጣል። አዲስ የተወለደ ልጅ ግን ለዚያው ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ ሊፈጅበት ይችላል፤ ጉበቱ ገና ነዋ። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቁጥብ በላሁ። ከዚያ በኋላ ቀበቶዬን ፈታሁ።

ከካፌይኑ ይልቅ እኔን ያማረረኝ የፎይሉ ድምፅ ነው። ቸኮሌት የሚያመርቱ ሰዎች የተኛ ሕፃን ያለበት ቤት ገብተው አያውቁም መሰለኝ። የብር ወረቀቱ ሲንኮሻኮሽ ልጄ ዓይኑን ይገልጣል። ቀን ላይ ቆራርሼ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ማስቀመጥ ጀመርኩ። የካራሜል ሙሌት ያለበትን ግን እለፊው፤ ይሳባል፣ ክር ይሠራል፣ ፀጉርሽም የልጁም ፀጉር ይጣበቃል።

አሁን ወደማልወደው ልምጣ። ለምታጠባ እናት ተብሎ የሚሸጠው ኩኪስ። የአንዱን ስም አልጠራም፤ ሁሉም ተመሳሳይ ናቸው። ማሸጊያው ላይ እናት ልጇን ታቅፋ ትስቃለች። ውስጡ አጃ፣ ተልባ፣ የቢራ እርሾና ስኳር ነው። የቢራ እርሾው መራራ ነው፤ መራራነቱን ለመሸፈን ተጨማሪ ስኳር ይገባል። ሲነከስ ይፈረካከሳል። ፍርፋሪው ጡት ማስያዣ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ማሳከክ ለጠላትም አልመኝም።

እሺ፣ ወተት ያበዛል? እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ጥናት ነበር። አሜሪካ ውስጥ ለአንድ ወር ያህል ግማሾቹ እናቶች ይህን ኩኪስ፣ ግማሾቹ ተራ ኩኪስ በሉ። በወተታቸው መጠን ላይ ልዩነት አልተገኘም። ወተት የሚጨምረው ጡት በተደጋጋሚና በደንብ ሲታለብ ነው፤ ልጁ ሲጠባ ወይም በፓምፕ ሲወጣ። ጡት ባዶ በሆነ ቁጥር ሰውነት ጨምር የሚል ትእዛዝ ይሰማል። ኩኪሱ ያንን ትእዛዝ አይሰጥም። ኩኪስ ካማረሽ ኩኪስ ግዢ። ጣፋጭ የሆነውን፣ ቅቤ ያለበትን። ስለ ወተትሽ ከተጨነቅሽ ደግሞ ስለ ማጥባት የሚያውቅ ባለሙያ አናግሪ፤ ለማሸጊያው ሥዕል አትክፈይ።

ስኳር የሌለው ተብሎ የሚሸጠውን ከረሜላና ቸኮሌት በአጭሩ ልለፈው። ማልቲቶልና ሶርቢቶል የተባሉት ማጣፈጫዎች በዛ ሲሉ ሆድ ያላቅቃሉ። ልጅ ታቅፎ ወደ መጸዳጃ ቤት መሮጥ ምን እንደሚመስል አልገልጽም። አልኮል የገባበትን ኬክ ደግሞ ስንት እንደገባበት ሳልጠይቅ አልቆርስም፤ አልኮል ወደ ጡት ወተት ያልፋል።

እንግዲህ ወደ ሁለተኛው ልጄ። ሁለት ወር አካባቢ ሲሆነው ዳይፐሩ ላይ ንፍጥ የመሰለ ነገርና ቀጫጭን የደም ክሮች አየሁ። ጉንጩም ቀላና ሻከረ። ሐኪሟ ጠየቀችን፣ መረመረችው፣ ከዚያም የላም ወተት ፕሮቲን አለርጂ ሊሆን እንደሚችል ነገረችኝ። እኔ ከምጠጣው ወተት ላይ ኬዚንና ቤታ ላክቶግሎቡሊን የተባሉት ፕሮቲኖች በጣም በጥቂቱ ወደ ጡቴ ወተት ያልፋሉ። ለብዙ ልጆች ይህ ምንም አይደለም። ጡት ብቻ ከሚጠቡት ውስጥ 0.5 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው የሚቆጡት። የኔው ከነዚያ አንዱ ሆኖ መጣ።

ቁጥሩን የምነግርሽ በምክንያት ነው። ልጅ ስላለቀሰ፣ ፈስ ስለበዛበት ብቻ ወተት የምትተው እናት ብዙ ናት። የሕፃናት ለቅሶ በስድስተኛው ሳምንት አካባቢ ከፍ ብሎ፣ በሦስትና በአራት ወር ጋብ ይላል፤ ወተት ተተወም አልተተወም። ያኔ የተተወው ምግብ ሁሉ የዳነበት መድኃኒት ይመስላል። እኔም ደሙን ባላይ ኖሮ ከእርጎዬ ወይ ፍንክች።

ትእዛዙ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ምንም ወተት የለም የሚል ነበር። ከዚያ መልሶ መሞከር። ሱቅ ሄጄ ከወተት ነጻ የሆነ አይስክሬም ጠየቅሁ። አስተናጋጁ እርግጠኛ ሆኖ አንድ ኩባያ ሰጠኝ። «ይሄ ለናንተ የተሠራ ነው» አለኝ። አየሁት። ላክቶስ የሌለው ይላል። መለስኩለት። ላክቶስ የሌለው ማለት ስኳሩ ቀድሞ ተሰባብሯል ማለት ነው፤ ለትልቅ ሰው የሆድ መነፋት ይጠቅማል። ፕሮቲኑ ግን ሙሉ በሙሉ አለ፤ ልጄን የሚቆጣው ደግሞ ፕሮቲኑ ነው። የፍየል ወተት አይስክሬምም አማራጭ አይሆንም። ፕሮቲኑ ከላሙ ጋር በጣም ስለሚመሳሰል ላሙ የሚቆጣው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ፍየሉም ይቆጣዋል።

ደቃቅ ጽሑፍ ማንበብ የጀመርኩት ያኔ ነው። ኬዚን፣ ካዚኔት፣ ዌይ፣ የወተት ዱቄት፣ የቅቤ ቅባት። ሁሉም ወተት ናቸው። ቡና ላይ የሚጨመረው፣ ወተት አይደለም የሚል የተጻፈበት ነጭ ዱቄት እንኳን አንዳንዱ ካዚኔት አለበት። ጥቁር ቸኮሌት ደግሞ በዝርዝሩ ላይ ወተት ባይኖርም፣ የወተት ቸኮሌት በሚያልፍበት መሣሪያ ላይ ስለሚሠራ ሊነካካ ይችላል። ወተት ሊኖርበት ይችላል የሚለውን መስመር ካየሽ ቸኮሌቱን እለፊው።

ወተት የሌላቸውን ጣፋጮች ስንመዝን፣ ሶርቤ አሸነፈ። በተለይ የሎሚውና የማንጎው። ሶርቤ ሌላ ነገር ሆኖ ለመታየት አይሞክርም። ፍራፍሬ፣ ውሃ፣ ስኳር፤ አለቀ። ጥማትም ይቆርጣል። ግን ሸርቤት ተብሎ ከሚሸጠው ጋር እንዳታምታቺው፤ እሱ ጥቂት ወተት ይገባበታል። የሶርቤ ጉድለቱ ሆድ አለመያዙ ነው። ስኳር ብቻ ነው፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ዳግም ይርብሻል። እኔ ከአንድ ጭብጥ አልሞንድ ጋር ነው የምበላው።

የኮኮናት ወተት አይስክሬም ሁለተኛ ነው። ቅባቱ ብዙ ስለሆነ አፍ ላይ ይቀልጣል፤ ከእውነተኛው አይስክሬም ጋር በልስላሴ የሚወዳደረው እሱ ብቻ ነው። ግን ቫኒላ ተብሎ ቢጻፍበትም፣ እንጆሪ ተብሎ ቢጻፍበትም ኮኮናት ኮኮናት ነው የሚለው። ኮኮናት የማትወጂ ከሆነ ገንዘብሽን አታባክኚ። ፕሮቲን የለውም ማለት ይቻላል። የቸኮሌቱ ዓይነት ይሻላል፤ ካካዎው ኮኮናቱን ዝም ያሰኘዋል።

የአጃው አይስክሬም አላስደሰተኝም። መጀመሪያ ጥሩ ነው፤ መጨረሻ ላይ ጉሮሮ ላይ የሚለጠፍ ነገር ይተዋል። የአጃው መጠጥ ግን ሌላ ነው፤ ካካዎ አፍልቼበት ማታ ማታ ስጠጣው ያጽናናኛል። የራሱ የሆነ ለስላሳ ጣፋጭነት አለው። ፕሮቲኑ በ100 ሚሊ ሊትር 1 ግራም ገደማ ነው፤ የላም ወተት ከ3 ግራም በላይ አለው። የአልሞንዱ ግማሽ ግራም እንኳን ለመድረስ ይቸገራል፤ ውሃውን በነጭ ቀለም የምትጠጪ ነው የሚመስለው። የአኩሪ አተሩ በፕሮቲን ከላም ወተት ጋር ይቀራረባል፤ ነገር ግን ወተት ከሚቆጣቸው ልጆች አንዳንዶቹን አኩሪ አተርም ስለሚቆጣ ሐኪሟ ለጊዜው ተይው አለችኝ።

ከእነዚህ መጠጦች ስትመርጪ ካልሲየም የተጨመረበትን ውሰጂ። ከመቅዳትሽ በፊት አጥብቀሽ ናጪው፤ ካልሲየሙ ታች ይዘቅጣል። እኔ ሳልነቀንቅ የቀዳሁ ጊዜ መጨረሻ ላይ ያገኘሁት አሸዋ የመሰለ ነገር እሱ ነበር። አዮዲንም አለ። የላም ወተት ጥሩ የአዮዲን ምንጭ ነው፤ የምታጠባ ሴት ደግሞ በቀን 250 ማይክሮ ግራም ያስፈልጋታል ይላል የዓለም ጤና ድርጅት። ብዙዎቹ የዕፅዋት መጠጦች አዮዲን የላቸውም። ወተት ለረጅም ጊዜ የምትተዪ ከሆነ ካልሲየሙንም አዮዲኑንም ከሐኪምሽ ጋር ተነጋገሪበት። ጣፋጩ ቢቀርም ይህ አይቀርም።

ዳይፐሩ ጸዳ። ጉንጩም ለሰለሰ። ከዚያ የምፈራው ቀን መጣ፤ መልሶ መሞከር። ብዙ እናቶች ይህን ይዘሉታል። ልጁ ደህና ከሆነ ለምን እነካካዋለሁ ይላሉ። ገብቶኛል፤ ግን ካልሞከርሽ ያዳነው ወተት መተውሽ ይሁን ወይስ ጊዜው አታውቂም። ምናልባት ያለ ምክንያት ዓመት ሙሉ እርጎ ትከለከያለሽ። በሐኪሟ ትእዛዝ አንድ ብርጭቆ ወተት ጠጣሁ፤ ቀዝቃዛ፣ ሙሉ ቅባት ያለው። እውነቱን ልናገር፣ እያንዳንዱን ጉንጭ አጣጣምኩት። በቀናት ውስጥ የደሙ ክር ተመለሰ። በቃ፣ ታወቀ። ወደ ሶርቤው ተመለስኩ።

ምግብ ከጀመረ በኋላ ሐኪሟ አዲስ ነገር አመጣች። ወተት ከዱቄት ጋር ተቦክቶ በኃይለኛ ሙቀት ሲጋገር ፕሮቲኑ ቅርጹን ይለውጣል፤ ብዙ ልጆች ጥሬውን ሳይችሉት የተጋገረውን ይችሉታል። ስለዚህ በብስኩት ተጀመረ። ትንሽ ወተት ያለበት ተራ ብስኩት። ይህን በራስሽ ቤት ውስጥ ሳታማክሪ እንዳትጀምሪ፤ ወተት ወዲያው ሽፍታ፣ የከንፈር እብጠት ወይም የትንፋሽ ችግር ያመጣበት ልጅ ካለሽ ነገሩ ፍጹም ሌላ ነው።

ብስኩቱን እኔም እሱም በላን። በጣዕም ከሄድን ምንም የሚወራለት አይደለም። ደረቅ ነው፣ ስኳሩ ትንሽ ነው፣ ፍርፋሪው ብዙ ነው። በሌላ ጊዜ ቢሆን ሁለት ኮከብ እሰጠዋለሁ። አሁን አራት ሰጥቼዋለሁ። ሻይ ውስጥ ሲነከር ቶሎ አይበተንም፤ በአንድ እጅ ይያዛል፤ ልጄም ቁራሹን በድዱ ሲያላምጠው ሳሎኑን ሁሉ ያጨቀያል እንጂ ምንም አይሆንም። ዳይፐሩ እንደጸዳ ነው።

ቀጥሎ ኬክ ነው። ከዚያ ጠፍጣፋው በመጥበሻ የሚጋገረው፣ ከዚያ አይብ፣ ከዚያ እርጎ። ጥሬው ወተትና አይስክሬሙ መጨረሻ ናቸው። ለኬኩ የትኛውን ልጋግር እያልኩ ነው። ባሌ ቸኮሌት ይላል። እኔ የሎሚውን ነው የምለው፤ ቸኮሌቱ ከልጅ ልብስ ላይ አይለቅም።